ድስቶች የሚያድሩበት ኦቭን

ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባቴ ስለ ሐሜት፣ ስለ መጠጥ፣ ከቅዳሴ ስለ መቅረት ይጠይቁኛል። ስለ ድንች ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ያልተጠየቅሁትን አልዘባርቅም። እዚህ ግን ልናገር።

ባለፈው ሁዳዴ ከሥራ ስመለስ ሱፐርማርኬት ጎራ እያልኩ፣ በፕላስቲክ ሳጥን የታሸገ የተጠበሰ አትክልት እገዛ ነበር። ስድስት ቁራጭ ድንች፣ አራት ካሮት፣ ትንሽ ቀይ ሥር፣ ከላይ ደግሞ አንዲት ቅርንጫፍ የጥብስ ቅጠል፦ 320 ብር። የጥብስ ቅጠል ኮንዶሚኒየማችን አጥር ሥር እንደ አረም በቅሎ ስወጣ ስገባ ሱሪዬን ይጎትተኛል። በዚያ ብር ደግሞ ከጉሊት ሦስት ኪሎ ድንች ከነካሮቱ ይዤ በገባሁ ነበር። 55ቱን ቀን ጾሜ፣ ጠዋት ማታ ሥጋ ቤት ከማይጠፋው ጎረቤቴ የበለጠ ሳላወጣ አልቀረሁም።

ድንች አጥቼ ቢሆን እሺ። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ ድንች በማዳበሪያ ሞልታ በአውቶቡስ ትልክልኛለች። መናኸሪያ ሄጄ፣ ለረዳቱ ከፍዬ፣ ለተሸካሚ ከፍዬ፣ አራተኛ ፎቅ አስወጥቼ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ እረሳዋለሁ። ድንቹ ግን አይረሳኝም፤ ይጎነቁልና ነጫጭ ጣቶቹን በበሩ ስንጥቅ አውጥቶ ይጠቁመኛል። እናቴ ትደውላለች። «ድንቹ አለቀ?» «አልቋል እማዬ፣ እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰለሽ!» እላታለሁ፣ የገዛሁትን እያላመጥኩ።

ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሳይንሳዊ ሰበብ ነበረኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ድንች ቶሎ አይበስልም። እውነት ነው፣ ለቅቅል። 200 ዲግሪ የጋለ ኦቭን ግን ስለ ተራራ ግድ የለውም። ኦቭን ደግሞ አለኝ። ስገዛው ዶሮ ልጠብስበት፣ ኬክ ልጋግርበት ነበር፤ ድስቶች ያድሩበታል። አንድ ቀን ለመለኮስ አስቤ ድስት ማውጣት ጀመርኩ፤ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ደከመኝና መልሼ ከተትኳቸው።

እናቴ ለሐኪም ቀጠሮ የመጣች ዕለት ተያዝኩ። የማጠቢያውን ሥር ከፈተች። በአንድ በኩል የጎነቆለ ድንች፣ በሌላ በኩል አጥቤ የደረደርኳቸው ባዶ ሳጥኖች። (መጣል አልችልም፤ ያንን ሁሉ ብር የከፈልኩት ለሳጥኑ ይመስለኛል።) አንድ ቃል አልተናገረችም። ቢላዋ አንስታ፣ አረንጓዴ የሆነውን እየጣለች፣ ቡቃያውን ከደህናው ላይ እየፈነቀለች ተቀመጠች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልካሳት ብዬ ድስቶቹን ሁሉ አወጣሁ። ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ቀይ ሥሩን ከትፌ፣ ዘይት አፍስሼ፣ የኦቭኑን ትሪ እንደ ጤፍ ቁና ከምሬ ሞላሁት። ከ50 ደቂቃ በኋላ ስከፍተው እንፋሎት መነጽሬን ጋረደው። ጥብስ ብዬ የጀመርኩት፣ ቀይ ሥሩ ሁሉን አቅልቶት፣ ሮዝ አልጫ ሆኖ ጠበቀኝ።

እናቴ ኦቭን ለኩሳ አታውቅም። ትሪውን አየችና «ቆሎ ስትቆላ ምጣዱን ትሞላዋለህ እንዴ ልጄ? ከሞላ ያልበዋል፤ ይቀቀላል እንጂ አይቆላም» አለች። ካሮት አብዛኛው ውኃ ነው፤ ያ ውኃ መውጫ ካላገኘ እርስ በርሱ ይቀቃቀላል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ምጣድ አጠገብ ያደገ ልጅ ያውቀዋል። እኔም ምጣድ አጠገብ ነው ያደግሁት።

ሁለተኛውን ዙር እሷ አዘዘች፣ እኔ ታዘዝኩ። በጨርቅ አሽተን አደረቅነው፤ አራርቀን በአንድ ረድፍ አሰጣነው፤ ቀይ ሥሩን ለብቻው አደረግነው፤ የጥብስ ቅጠል ከአጥሩ ቀጥፌ መጣሁ። ጫፉ ቡናማ ሆኖ፣ ሲነከስ እየተንኮሻኮሸ ወጣ። ከሱፐርማርኬቱ ይበልጥ ነበር። እኔ ጣፈጠኝ ስል እሷ ጨው አንሶታል አለች።

ከሄደች በኋላ ደወለች። «ድንቹ አለቀ?»

«አለቀ እማዬ።»

«አምናም እንዲህ ነበር ያልከኝ። እስቲ በቪዲዮ አሳየኝ።»

ስልኩን ወደ ማጠቢያው ሥር አዞርኩ። ማዳበሪያው እውነትም ባዶ ነበር። አጠገቡ ያለችውን፣ የትናንት ማታዋን ሳጥን ግን ቀስ ብዬ በእግሬ ገፋ አደረግኋት።