ጋቢዬን ማን አስወለቀኝ?

«ፀሐይዋ ናት የከፋችው» ይሉኛል የሰፈሬ ሰዎች። ፀሐይዋማ ምን አጠፋች? ከእኔም በፊት ነበረች። ስሟን የምታጠፉት ከገዛ እጃችሁ ሥራ ለማምለጥ ነው።

አዲስ አበባ እኮ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት። በእኛ ጊዜ ማታ ያለ ጋቢ ደጅ የወጣ ሰው በማግስቱ ዳማከሴ ሲጨመቅለት ይውል ነበር። ዛሬ ልጄ የገዛልኝ ቬንትሌተር ራስጌዬ ላይ ሲያጓራ ያድራል። አዲስ አበባ ላይ ቬንትሌተር! የድሬዳዋ ዘመዶቼ እንዳይሰሙብኝ።

ከቤቴ ማዶ ሜዳ ነበር። ሣሩ ተገፈፈ፣ ግራሮቹ ተቆረጡ፣ አስፋልት ሆነ። ዛፍና ሣር በሥራቸው የሳቡትን ውሃ በቅጠላቸው ሲያተኑት የፀሐይዋ ትኩሳት ለዚያ ሥራ ያልቃል፤ አየሩም በረድ ይላል። አስፋልት ምኑን ያተናል? ጥቁር ነውና ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲያጠራቅም ይውልና ሌሊት፣ እሳቱ ወጥቶለት እንዳልበረደ ምጣድ፣ ወደ እኔ መስኮት ይተፋዋል። ከአስፋልቱ ወዲያ ደግሞ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። ቤቴን የሠራሁት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ላገኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፎቁ የምዕራቧን ፀሐይ ተቀብሎ ሳሎኔ ያስገባታል። እንግዲህ ለእኔ ብቻ ፀሐይ በቀን ሁለት ጊዜ ትወጣለች።

የልጅ ልጄ ስልኩን ጎርጉሮ፣ «አባባ፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ሉክ ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1820 ገደማ፣ ለንደን ሌሊት ከዙሪያዋ ገጠር ይልቅ እንደምትሞቅ በቴርሞሜትር ለክቶ ጽፏል» አለኝ። ማጽናናቱ ነው! 200 ዓመት የታወቀ ነገር ከሆነማ የእኛዎቹ ንድፍ አውጪዎች ምን ሲማሩ ከረሙ?

ስለ ዛፍ ካነሳን፣ ባሕር ዛፍን ወድጄው አላውቅም፤ ዛሬም አልወደውም። ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያስበቅልም። ግን ውለታውን አልክድም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የዙሪያዋን ደን ጨርሳ ማገዶ ቸግሯት ነበር። ምኒልክ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ሲያስቡ ከተማዋን ያተረፋት ያ ውሃ ጠጪ ነው። አያቶቻችን ጽዱንና ወይራውን አነደዱት፤ አፈሩን ግን ለተተኪ ትተውለታል። እናንተ አፈሩን ራሱን በሲሚንቶ ደፈናችሁት!

ተከልን ካላችሁም ዘንባባ ነው። ቁመት እንጂ ጥላ የለው፤ ከሥሩ ለመጠለል የሰው ልጅ ገና ብዙ መክሳት አለበት። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ያው ሲሚንቶ ዝናቡን አላሰርግም ብሎ ወደ ደጄ ይሰደዋል። ፀሐይም ጎርፍም በአንድ በር!

የዓለሙን አየር በዋነኛነት የሚያግለው የነዳጁና የድንጋይ ከሰሉ ጭስ ነው፤ ደን መመንጠርና መሬት መገለባበጥም ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአሥር አንድ ያህሉን ያዋጣል። እኔ ግን ለዓለም የሚተርፍ ትዕግሥት የለኝም፤ የገዛ ግቢዬ ይበቃኛል። ልጄ ለመኪናው ሲል ቴራዞ ሊያስነጥፍበት ነው። «አቧራ ይቀንሳል» ይላል። መሐል ላይ ያለችው ኮክ «ቦታ ይዛለች» ተብላ ተፈርዶባታል። ለኪው ቅዳሜ ሜትሩን ይዞ ይመጣል አሉ። ይምጣ። ወንበሬን ከኮኳ ሥር አውጥቼ እቀመጣለሁ፤ መጀመሪያ እኔን ይለካ።