ያለ ዶላር ኤክስፖርት

«ኤልኤስ!» አልኩት ላፕቶፔን፤ ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች እንዲዘረዝርልኝ።

«ኤልኤስ የሚገኘው ቢን የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው» አለኝ። «ላገኘው ያልቻልኩት ግን ቢን በፓዝህ ውስጥ ስላልተጻፈ ነው።»

እስቲ ፍረዱኝ። የት እንዳለ ያውቃል፤ ግን አላገኘውም! ቀልድ የጨመርኩበት እንዳይመስላችሁ፤ ኡቡንቱ ፓዙ ሲበላሽበት የሚሰጠው መልስ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። «አቶ እከሌ ሦስተኛው ቤት ናቸው፤ ግን የሉም» የሚለው ዘበኛ በር ላይ አልበቃ ብሎን ኮምፒውተር ውስጥም ተቀጥሯል።

ካት አልኩ፤ ያው። ሱዱ አልኩ፤ ያው። ናኖ አልኩ፤ ያው። ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ሄዷል።

ቢሯችን ውስጥ ሰርቨር የሚጠብቅ አንድ ምላሰኛ ጎረምሳ አለ። ደወልኩለት።

«አንተ፣ ፓዜ ጠፋ።»

«ጋሼ፣ ፓዝ እግር የለውም። ምን ጻፉ?»

«አዲስ ፕሮግራም ጭኜ ነበር። ያለበትን እንዲያውቅልኝ ብዬ ባሽአርሲ የሚባለው ፋይል ላይ ‹ኤክስፖርት ፓዝ እኩል ይሆናል› አልኩና የፕሮግራሙን ፎልደር ጻፍኩ።»

«ከፎልደሩ በፊት ዶላር ፓዝስ?»

«የምን ዶላር?»

ስልኩን ከጆሮዬ እስካርቅ ሳቀ። «ጋሼ፣ ያለ ዶላር ነው ኤክስፖርት ያደረጉት? አገር ኤክስፖርት የሚያደርገው ዶላር ሊያመጣ ነው፤ እርስዎ ካዝና ውስጥ የነበረውንም አራገፉት!»

ፓዝ ማለት ሼሉ ኮማንድ ሲፈልግ የሚያንኳኳቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው፤ በኮሎን እየተለያዩ ተሰልፈዋል። ከግራ ጀምሮ ያንኳኳል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይመጣል። «ዶላር ፓዝ» ማለት ደግሞ ነባሩ ዝርዝር እንዳለ ይቀመጥ ማለት ነው። እኔ እሱን በመዝለሌ አንድ አዲስ ተከራይ ላስገባ ብዬ የግቢውን ሰው ሁሉ ዕቃ ደጅ አውጥቻለሁ።

«ታዲያ ኢኮ እንዴት ይሠራል? ሲዲም ይሠራል።»

«እነሱ አዳሪ ናቸው፤ ኑሯቸው እዚያው ሼሉ፣ ባሽ ውስጥ ነው። ኤልኤስ ተመላላሽ ነው፤ አድራሻው ከጠፋ ማን ይጠራዋል? እስኪመጣ ኢኮ ብለው ኮከብ ይጨምሩበት፤ የፋይሎቹን ስም ይነግርዎታል።»

ነገረኝ። ያለ ቀን፣ ያለ መጠን፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ልክ ወያላ የሰፈር ስም እንደሚጠራው።

«አሁን ኤልኤስን ከነአያቱ ይጥሩት፤ ስላሽ ዩኤስአር፣ ስላሽ ቢን፣ ስላሽ ኤልኤስ።»

ጠራሁት። ከተፍ አለ። ለካ የተሰረዘ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ቤቱ ቁጭ ብሎ ጠሪ እየጠበቀ ነው። እኛ ከልጅ ወደ አያት እንቆጥራለን፣ ሊኑክስ አያቱን ያስቀድማል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

«ቆይ፣ ስላሽ ቢን እያለ ዩኤስአር ውስጥ ሌላ ቢን ለምን አስፈለገ?»

«እ.ኤ.አ. በ1971 ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ሲሠሩ የመጀመሪያው ዲስክ ሞላባቸው፤ የተረፈው ወደ ሁለተኛው ዲስክ፣ ወደ ዩኤስአር ተሻገረ።»

«ለሁለት ሰዎች የቤት ጥበት እኔ ዛሬ ኪራይ ልክፈል?»

«ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2012 አዋህዷቸዋል፤ ብዙዎቹም ተከትለዋል። አሁን ስላሽ ቢን ታፔላ ብቻ ነው፤ ቤቱ ዩኤስአር ውስጥ ነው።»

ተርሚናሉ ላይ ብቻ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ዘግቶ መክፈት ይበቃ ነበር። ባሽአርሲ ላይ ስላሰፈርኩት ግን አዲስ በከፈትኩ ቁጥር ስህተቴ ቀድሞኝ ይገባል። ጎረምሳው ለጊዜው የሚያደርሰኝን አስጻፈኝ፤ ኤክስፖርት ፓዝ እኩል ይሆናል፣ ስላሽ ዩኤስአር ስላሽ ቢን፣ ኮሎን፣ ስላሽ ቢን።

«እምቢ አለ!»

«ከእኩል ይሆናል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ ትተዋል?»

«ለዓይን እንዲያምር ነዋ።»

«ጠጋ ጠጋ ይበሉ ጋሼ! ሼል ታክሲ ነው።»

ጠጋ ጠጋ አልን። ኤልኤስ መጣ፣ ካት መጣች፣ ናኖም ባሽአርሲን ከፈተልኝ። የጎደለችውን ዶላር ከነፓዟ ቦታዋ መልሼ በኮሎን ከአዲሱ ተከራይ ጋር አቆራኘኋት። አዲስ ተርሚናል ስከፍት ግቢው ሞልቷል።

በማግስቱ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቢሮ ገብቷል። «ጋሼ ዶላር ከመጥላታቸው የተነሳ» ይላል ጎረምሳው ምሳ ጠረጴዛው ላይ፣ «ኮምፒውተራቸው የገዛ ጓዳውን መንገደኛ ይጠይቃል!»

ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሂሳብ መጣ።

«ጋሼ፣ ትናንት ምሳ በእኔ ነው ብለውኝ ነበር። ቦርሳዎስ?»

«ቦርሳዬ የሚገኘው የኋላ ኪሴ ውስጥ ነው» አልኩት። «ላገኘው ያልቻልኩት ግን ኪሴ በፓዜ ውስጥ ስላልተጻፈ ነው።»