በየአሥር ደቂቃው

እህቴ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን ስለምትንከባከብ ልጇን ሐኪም ቤት ማመላለሱ የእኔ ድርሻ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣን ጀምሮ እንዲሁ ነው የኖርነው፤ ለክትባቷም፣ ለጥርስ ብረቷም፣ ለትምህርት ቤቱ የወላጅ ስብሰባም የምሄደው እኔ ነኝ። የሕፃናት ሐኪሟ፣ አንድ የምርምር ሆስፒታል የሆርሞን መዛባት ያለባቸውን ልጃገረዶች በበጎ ፈቃድ ለጥናት እንደሚፈልግ ሲነግረን ደውዬ ቀጠሮ ያስያዝኩትም እኔ ነበርኩ። እህቴን በስልክ ጠየቅኳት፤ ሥራ ላይ ስለነበረች በጥድፊያ "እሺ፣ ደግ" አለችኝ።

የእህቴ ልጅ ሚጣ 15 ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ በ12 ዓመቷ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ አንዴ ብቅ ይልና አራት አምስት ወር ይጠፋል። አገጯ ላይ ጠጉር ሲበቅል ከእኛ ተደብቃ በምላጭ ትላጨው ነበር። ይህን ያወቅኩት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቆርጣ ስትደማ ደርሼባት ነው። በቤታችን ስለ ወር አበባ አይወራም። እኔ ራሴ ደም ያየሁ ቀን የሮጥኩት ወደ ጎረቤት ልጅ እንጂ ወደ እናቴ አልነበረም። ያንን ዝምታ ባሕር አሻግሬ ለዚች ልጅ ማውረሴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የመጀመሪያው ጉዞ በከንቱ ቀረ። ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና በዝናብ ተዘጋግቶ አርፍደን ስንደርስ ነርሷ ቅጹን ዘርግታ "እናቷ ነዎት?" አለችኝ። አክስቷ ነኝ አልኩ። በእኛ ዘንድ አክስት እናት ናት፤ እዚያ ግን ለልጅ ፈቃድ የሚፈርመው ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ብቻ ነው። ተመለስን።

ሁለተኛው ቀን እህቴ ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር መጣች። አስተርጓሚው በስልክ ነበር። የጥናቱ ሐኪም "ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም" ስትል እሱ "እንቁላል ማፍሪያዋ ላይ ብዙ እባጭ አለ" አለ። እህቴ ከወንበሯ ተነሳች። አባታችን የሞተው በእባጭ ነው።

ሐኪሟ ነገሩ ገባት። ብዕሯን አስቀምጣ፣ ስሙ ራሱ አሳሳች መሆኑን ረጋ ብላ አስረዳችን። እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይን እና ሌቨንታል የሚባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች ስለ ሰባት ሴቶች ጻፉ፤ እንቁላል ማፍሪያቸው (ኦቫሪያቸው) ላይ ያዩት ነገር ለበሽታው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እባጭ የተባሉት ግን እድገታቸው መንገድ ላይ የቆመ፣ እንቁላል የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው። በሚጣ ዕድሜ ደግሞ ጤነኛ ልጅም ብዙ ከረጢት ሊታይባት ስለሚችል፣ የመጀመሪያው የወር አበባ ከመጣ ስምንት ዓመት ሳይሞላ በአልትራሳውንድ አይፈረድም። የሚታየው የወር አበባው መዛባትና የወንዴው ሆርሞን መብዛት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ችግሩ ካለባቸው ሴቶች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ምን እንደያዛቸው አያውቁም። እህቴ ይህን ስትሰማ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

እንደገና ያስነሳት የእርግዝና ምርመራው ነው። የወር አበባ ያየች ተሳታፊ ሁሉ ትመረመራለች፤ ውጤቱ የሚነገረውም መጀመሪያ ለራሷ ለልጅቷ ነው። "ልጄን ምን አድርገዋት ነው?" አለች እህቴ፣ እንባዋ እየመጣ። ለጊዜዋና ለመጓጓዣዋ ተብሎ የሚሰጠውን ገንዘብ ስትሰማ ባሰባት፤ "በቤታችን ደም ተሽጦ አያውቅም።" ፍርሃቷ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የምትንከባከባቸው አንድ ጥቁር አዛውንት ስለ ተስኪጊ ነግረዋታል፤ በአላባማ ከ1932 እስከ 1972 በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች ቂጥኝ እንዳለባቸው ሳይነገራቸው፣ መድኃኒቱ ከተገኘም በኋላ ሳይታከሙ ሲጠኑ ኖረዋል። ዛሬ ይህ ሁሉ ወረቀት የሚፈረመው በእነዚያ ሰዎች ሥቃይ ምክንያት ጭምር ነው። እህቴ በመጠርጠሯ አልፈርድባትም።

ያኔ ነው ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ሚጣ ያዞረችው። ለልጅቷ የተዘጋጀ የራሷ ወረቀት ነበር። "እናትሽ ብትፈቅድም አንቺ እምቢ ካልሽ አይሆንም። መሀል ላይም ማቆም ትችያለሽ። ለአንቺ የሚያስገኘው ጥቅም ላይኖር ይችላል" አለቻት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ይችን ልጅ ስለ ገላዋ "ትፈቅጃለሽ ወይ?" ብሎ የጠየቃት ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሚጣ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና ፈረመች። ከዚያ እናቷ ፈረመች።

ሦስተኛው ቀን የስኳር ምርመራ ነበር። ችግሩ ካለባቸው በብዙዎቹ ዘንድ ሰውነት ለኢንሱሊን በቀላሉ አይታዘዝም፤ ኢንሱሊኑ ይበዛል፣ የበዛው ደግሞ ኦቫሪው ቴስቶስትሮን እንዲያመርት ይገፋፋዋል። በባዶ ሆድ ደም ተቀድቶ፣ 75 ግራም ግሉኮስ ያለው ፈሳሽ ተጠጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለውጡ ይታያል። ልጅቷ ከምሽት ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም አትቅመስ ተባለ። ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ግን አንጀቷ አልቻለም። ጎሕ ሲቀድ የአብሽ ውኃ በማር በጥብጣ አጠጣቻት። "ምግብ አይደለም እኮ፣ መድኃኒት ነው" አለች። ማሩ ስኳር ነው፤ አብሹም የደም ስኳር ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።

ነርሷ "የቀመስሽው ነገር አለ?" ስትላት እኔ ሚጣን በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ዝም እንድትል። ለሁለተኛ ጊዜ በከንቱ እንዳንመለስ ብዬ ነው። ሚጣ አየችኝና ለነርሷ ሁሉንም ነገረቻት። ቀጠሮው ተሰረዘ። መኪና ውስጥ ስንገባ "አክስቴ፣ የእኔን ቁጥር ከሌሎቹ ልጆች ጋር ነው የሚደምሩት። ውሸት ቢገባ እነሱ ላይ ነው የሚደርሰው" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያንን ጥቅሻ ባልጠቀስኩ እላለሁ።

የስኳሩ ምርመራ በሌላ ቀን ተሠርቶ ሆስፒታል ታድሮ የሚደረገው የሌሊት ምርመራ ተራ ደረሰ። አንጎል ለኦቫሪ ትእዛዝ የሚልከው እንደ ልብ ምት እየቆራረጠ ነው። ይህ ችግር ባለባቸው ዘንድ ምቱ ይፈጥናል፤ በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ እንቅልፍ ራሱ ምቱን ይለውጠዋል። አንድ ጊዜ ደም ቢቀዳ ይህ አይታይም። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው፣ 12 ሰዓት ሙሉ፣ 72 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ደም ይወሰዳል። መርፌው አንዴ ነው የሚገባው፤ ከዚያ ደሙ የሚቀዳው ክንዷ ላይ በሚቀር ቱቦ ነው። የሚወሰደው ደም እንደ ክብደቷ ተለክቶ የተወሰነ ነው።

ሚጣ ግን ተጠቅልላ የምትተኛ ልጅ ናት። ክርኗን ባጠፈች ቁጥር ቱቦው ይዘጋል፣ ነርሷ ትመጣለች፣ ልጅቷ ትነቃለች። ሁለት ጊዜ ከነቃች በኋላ ወንበሬን ወደ አልጋው አስጠግቼ ክንዷን ዘርግቼ ያዝኩላት። ነርሷ በየአሥር ደቂቃው በትንሽ ባትሪ መብራት ገብታ ቀድታ ትወጣለች። ጡንቻዬ ዛለ፤ አልለቀቅኳትም።

ሊነጋጋ ሲል እህቴ ከሥራ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ የልጇን ክንድ ከእጄ ተቀበለችኝና ተቀመጠች። ሚጣ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የመጨረሻው መቼ ነበር የመጣው?" አለቻት።

ሚጣ በነፃው እጇ ስልኳን ከትራሱ ሥር አወጣችና የቀን መቁጠሪያውን ከፈተችላት።