ኮርማው

በሰበታና በተፍኪ አድርጌ ተጂ የገባሁት የጡረታ ዘመኔን ከአንዲት ላም፣ ከሁለት በግና ከሰባት ዶሮ ጋር በሰላም ላሳልፍ ነበር። ላሚቱ ተቀበለችኝ፤ በጎቹም ተቃውሞ አላሰሙም። አውራ ዶሮው ግን ግቢው በስሙ እንደተመራለት ሁሉ ማን አስገባህ አለኝ።

ለጎረቤቴ ለአባባ አቤት ብል ሳቁብኝ። «እኛ በኦሮምኛ ምን እንደምንለው ታውቃለህ ልጄ? ኮርማ ሉኩ!» ኮርማ በአማርኛም ያው ኮርማ ነው። ለካ ዶሮ ብዬ የገዛሁት ላባ የለበሰ ኮርማ ኖሯል።

ሽንት ቤቱ ጓሮ ጥግ ነው፤ ኮርማው መሀል መንገድ ላይ። ጎህ ሲቀድ የባለቤቴን ሰፌድ እንደ ጋሻ መክቼ እወጣለሁ። እሱ አንድ ክንፉን መሬት ላይ እየጎተተ በጎኑ ዞሮ ዞሮ ይመጣና ዘሎ ከእግሩ ኋላ በበቀለው ሹል ባቴን ይለዋል። ጅብ ሲመጣ ሰፈር የሚቀሰቅሰው ውሻዬ እንኳ እሱን ሲያይ ጭራውን ወሽቆ ጎተራ ስር ይገባል።

ያልሞከርኩት የለም። በርግጫ ስለው «ተቀናቃኝ አውራ መጣብኝ» ብሎ ባሰበት። ስሸሽ ደግሞ ድል አደረግሁ ብሎ ክንፉን አማትቶ ጮኸ፤ በማግስቱ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ጠበቀኝ።

ሐምሌ ገባ። የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ጤፍና ሽምብራ ሲያበቅል ደግ ነው፤ ዝናብ ሲጠግብ ግን ሰውን እንደ ባለዕዳ ይይዛል። አንድ ማለዳ ሁለቱም ቦት ጫማዎቼ ተቀርቅረው፣ ሰፌዱንም ረስቼ ሳለ ኮርማው መጣ። መሸሽ የለ፣ መራገጥ የለ። ተገትሬ ቀረሁ። ዞረኝ፣ አየኝ፣ የሌለ ጥሬ መሬት ላይ ለቀም ለቀም አደረገና ሄደ።

አባባ ይህን ሲሰሙ፣ «ጭቃው ከኔ በላይ መከረህ። አሁን ያዘውና ብብትህ ስር አድርገው፤ እስኪረጋ ድረስ አትልቀቀው» አሉኝ። እሱን በብብቴ ይዤ ለላሚቱ ፉርሽካ ስበትን ድንገት አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ዓይኑ ሰማዩን አየና ረጅም ድምፅ አወጣ። ሴቶቹ ዶሮዎች ጎመኑ ስር ገቡ። ቀና ብል ጭልፊት። የግቢው ጌታ ነኝ ባዩ እኔ ያየሁት ሁሉም ከተደበቁ በኋላ ነው። ለካ ለእሱ እኔም ሆንኩ ጭልፊቱ ያው ነን፤ እኔ ግን ሽንት ቤት ስለምሄድ እዘወትርበታለሁ።

ለእንቁጣጣሽ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ባለቤቴ 12ቱን ብልት በሐሳቧ ቆጥራ ጨርሳለች። ልጁም ቢላዋውን ስሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ ለኔ ይተዉት» አለ። ተቀመጥሁ። ነጭ ጫማ ማድረጉን አይቼ ዝም አልሁ።

አስፋልት ላይ ያደገ ልጅ ሩጫ ያውቃል፤ ጭቃው ያስቀረው አንድ ጫማውን ብቻ ነው። ደጃፍ ሲደርስ ሰፌዱን አቀበልሁት።