በብስክሌት ስለሚደረግ የጓደኛ ጥየቃ፦ ከዋሽንግተን ለአገር ቤት ዘመድ የተጻፈ

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ስደተኛ የድሮ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውን የሚያገኘው በለቅሶ፣ በሰርግና በክርስትና ነው። አንዱ ሌሊት ሌላው ቀን ስለሚሠራ፣ ሰፈር ለሰፈር ያሉ የአንድ ዶርም ልጆች ሳይተያዩ ዓመት ያልፋል። ለዚህ ከተገኙት መድኃኒቶች አንዱ ብስክሌት ነው።

እስከ ፒትስበርግ ጓደኛ የሚጠየቅበት መንገድ ከዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ1828 (እ.ኤ.አ.) መቆፈር በጀመረው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር፣ ዛሬ ብስክሌት በሚነዳበት ጠርዝ ላይ፣ ያኔ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱ ነበር። ከከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ ያለው 241 ኪሎ ሜትር ደግሞ በአመዛኙ ሐዲዱ የተነሳ የባቡር መንገድ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይችል አቀበቱ ረጅም እንጂ ከባድ አይደለም፤ የመንገዱ ጫፍ 729 ሜትር ላይ ነው። ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው ይህን ተራራ ሳይሆን ቆላ ይለዋል።

አስቸጋሪው አቀባበሉ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 (እ.ኤ.አ.) የሜልበርን ኦሎምፒክ እነገረመው ደንቦባን በብስክሌት ያሰለፈች አገር ብትሆንም፣ አሜሪካ ባለው ሀበሻ ዘንድ ብስክሌት የሚነዳ ጎልማሳ መንጃ ፈቃዱን የተቀማ ሰው ነው። በር የከፈተች የባለቤት እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምነው ልጄ፣ መኪናህን ምን አገኘው?» ብላ ነው። በቦዩ ዳር ለተጓዥ የተዘጋጀ ነጻ የድንኳን ማደሪያ አለ። ሆኖም እንግዳው ድንኳን ውስጥ ለማደር እንዳሰበ ቢናገር «ማን ሞቶ?» ይባላል።

በዚህ ጉዞ የቀኑን ርቀት የሚወስነው ጉልበት ሳይሆን ቡና ነው። ፍሬድሪክ ላይ ጠዋት ፍርፍር የቀረበለት ሰው አቦል፣ ቶና ሲባል ይረፍድና በረካው ላይ ምሳ ይደርሳል። ከምሳ በኋላ «በዚህ ፀሐይ?» ይባላል፤ ሲመሽ ደግሞ «በዚህ ጨለማ?» ስለዚህ ይታደራል። ክብደት ለመቀነስ የተነሳ ሰው ፒትስበርግ የሚደርሰው ቀበቶውን አስፍቶ ነው።

የብስክሌት ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው። በመኪና የመጣ እንግዳ ቁልፉን እያሽከረከረ «ልውጣ፣ ሥራ አለኝ» ይላል። በብስክሌት የመጣው እግሩ ተሳስሯል፤ አስተናጋጁም ያንን ያህል መንገድ ለመጣ ሰው ከሥራ ይቀራል። መጀመሪያ የካፌው ወጥና የቅጽል ስም ይነሳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በስልክ የማይነገረው ይወጣል፦ የክፍሉ ሰቃይ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ ታክሲ እንደሚነዳ፣ በመጀመሪያው ዓመት የተባረረው ደግሞ ቀጣሪ እንደሆነ። ሁለቱም አንዱ በሌላው ይቀናል።

መመለሻው በመኪና ነው፤ የፒትስበርጉ ጓደኛ እንግዳውን በብስክሌት አይሸኝም። ከአራት ሰዓት ብዙም በማይበልጠው መንገድ ሁለቱም ስልካቸውን ያነሳሉ።

ዘመድ ይህን አንብቦ «ልጁ ተቸገረ» ብሎ ዕቁብ እንዳይሰበስብ። በሰው ቤት ባዶ እጅ ስለማይገባ በርበሬና ሽሮ ቢላክ ይበቃል፤ ኮርቻው ኋላ ይታሰራል። ቅቤ ግን በሐምሌ ሙቀት ስለሚቀልጥ አይላክ።