ግማሽ ሚሊዮን ብር ይዞ ጥሩ ድምፅ ማጣት

ግማሽ ሚሊዮን ብር አውጥቶ ሰርግ የደገሰ ሰው መቐለ ውስጥ ማንንም አያስገርምም። ዳሱ ይጣላል፣ ስዋው ይጠመቃል፣ ዘመድ ከያለበት ይጠራል፣ ሁሉም «እሰይ» ይላል። ያንኑ ብር ለቤቴ ሳውንድ ሲስተም ላውለው ያለ ሰው ግን የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «በዚህ ጊዜ?»

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የትግራይ ጦርነት ከፈነዳበት ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከተፈረመበት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ ያሳለፍነውን አሳልፈናል። ባንክ ተዘግቶ የገዛ ደመወዛችንን ማውጣት ያቃተን፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦብን የከረምን ሰዎች ነን። ቴፑን ሸጦ ጤፍ የገዛ ጎረቤት አለኝ። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ አንድ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የሚወደውን ዘፈን በወጉ ማዳመጥ ቢፈልግ ምኑ ላይ ነው ቅብጠቱ? ይህን ማስረዳት ሰልችቶኛል። ደግሞ ወግ ያለው ድምፅ የናፈቀው እኔን ብቻ አይደለም። ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ስለ ስፒከር ወሬ ጀምሩ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት የተቃጠለ ሰው ታገኛላችሁ።

ሁሉም የሚጀምረው ከዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለአንድ ጥንድ ስፒከርና ለአምፕሊፋየር ብዬ ያጠራቀምኩት ብር ዛሬ ስፒከሩን ብቻ ቢገዛ ነው። ዋጋ ስትጠይቅ «የዛሬው ይኸ ነው፣ የነገውን አላውቅም» ትባላለህ። ዕቃው ከውጭ ሲገባ ቀረጥ ይከፈልበታል፣ 15 በመቶ ቫት ይታከልበታል፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይደረብበታል፤ አንዱ የሚሰላው በሌላው ላይ ነው። ከዚያ ከመርካቶ እስከ መቐለ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ሲንገጫገጭ ይመጣል። እኛ ጋ ሲደርስ አዲስ አበባ ካለው ገዢ የበለጠ ከፍለን፣ ዋስትና የሚባል ነገር ሳይኖረው፣ አንድ ጎኑ የተጨረመተ ካርቶን እንቀበላለን።

ሱቁ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ካርቶኑ ላይ 10 ሺህ ዋት ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ዕቃውን ገልብጠህ ጀርባውን ስታነብ ከሶኬት የሚስበው 100 ዋት ነው። ከሶኬት 100 ዋት የሚስብ ነገር 10 ሺህ ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? ያ ትልቁ ቁጥር ፒኤምፒኦ የሚሉት ነው፤ ለሽያጭ የተፈለሰፈ እንጂ ማንም በወጉ የለካው አይደለም። መጠየቅ ያለበት አርኤምኤስ የሚባለው ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ጉልበት የሚነግርህ እሱ ነው። ሻጩን ስትጠይቀው ግን «ሓወይ፣ ኦርጅናል እዩ» (ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው) ይልሃል። ልስማው ስትለው መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ባስ ያለበት ነገር ከፍቶ በመጨረሻው ድምፅ ይለቅብሃል። የራሴን ዘፈን በፍላሽ አምጥቻለሁ፣ እሱን ክፈትልኝ ብትለው ፊቱ ይለወጣል። ግማሽ ሚሊዮን ብር የሚከፍል ሰው የሚገዛውን ነገር ተቀምጦ ቢያዳምጥ ምን ነውር አለው? ጫማ እንኳ ለክተን ነው የምንገዛው።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ እገላገላለሁ ብሎ ያስባል። «ከዚያ ይዘህልኝ ና» ይላል፤ እኔም ለአጎቴ ልጅ እንዲሁ ብዬ ነበር። የአሜሪካው ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ይህን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። የቆዩ የሸክላ ማጫወቻዎች ውስጥ ሞተራቸው በመብራቱ ኸርዝ ልክ የሚዞር አሉ። በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ መዞር ያለበት ሸክላ እዚህ 28 ዙር እንኳ አይሞላም። ዘፈኑ ይጎተታል፣ የሴቷ ድምፅ የወንድ ይሆናል፣ ክራሩ ከቅኝቱ ይወርዳል።

ስለ መብራቱ ራሱ ብዙ አልልም፤ ሁላችንም የምንኖረው ነው። በስተደቡባችን አሸጎዳ ላይ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የንፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሏል፤ ተከዜ ላይ የ300 ሜጋ ዋት ግድብ አለ፤ እኛ ግን የምንገዛው የመጀመሪያ ዕቃ ስታቢላይዘር ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ያቃጠለውን አምፕሊፋየር የሚጠግን እጅ አለን፤ መለዋወጫው ነው የሚጠፋው።

ቤቱም አያግዝም። የመቐለ ድንጋይ ለዓይን ያማረ ነው፤ ለጆሮ ግን ከባድ ነው። ግድግዳው ድንጋይ ወይም ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ መስታወት በሆነ ሳሎን ውስጥ አንዴ አጨብጭቡ፤ ድምፁ እየተመላለሰ ሲንጫጫ ትሰማላችሁ። እዚያ ውስጥ የገባ ውድ ስፒከር ርካሽ ይመስላል። ወፍራም ምንጣፍ፣ ከባድ መጋረጃ፣ ስፒከሩን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ማራቅ ከአንድ መቶ ሺህ ብር ጭማሪ የበለጠ ይሠራሉ። ምንጣፍ ግዛ ብሎ የመከረኝ የስፒከር ነጋዴ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቤቱን አስተካክለህ ስትጨርስ ደግሞ በር ላይ ያለው ሱቅ ሞንታርቦውን አስፋልቱ ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ይለቅብሃል።

ይሄ ሁሉ ይቻላል እንበል። ብሩ ተገኘ፣ ዕቃው ገባ፣ መብራቱ ተስተካከለ፣ ሰፈሩ ዝም አለ። ምን ይደመጥ? ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። የትግርኛ ዘፋኙን የኪሮስ አለማየሁን ዘፈን በዚያ ሲስተም ልስማ ብዬ ስከፍት የማገኘው ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጠ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ፣ ተጨምቆ በፍላሽ የዞረ ቅጂ ነው። ከድምፁ በፊት የካሴቱ እሽታ ይሰማል። ከበሮው ታፍኗል፣ ክራሩ እሩቅ ነው። ጥሩ ስፒከር ደግሞ ይህን አይሸፍንም፤ ጉድለቱን አንድ በአንድ አውጥቶ ያሳየናል።

ከካሴቱ ዘመን በፊት፣ ሙዚቃ አሳታሚው አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ግድም አምሐ ሬከርድስን ሲጀምር አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም፤ ውጭ እያሳተመ ያስመጣ ነበር። የዚያ ዘመን ዘፈን ዛሬ ጥርት ብሎ የሚሰማው በሸክላ ስለቀረና ፈላጊ ስላገኘ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ባወጣው ተከታታይ አልበም ውስጥ 5ኛው የትግርኛ ሙዚቃ ነው፤ የሸፈነው ግን በዚያው አቆጣጠር እስከ 1975 ያለውን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን፣ የእኛ የልጅነት ዘፈን ሁሉ የተቀዳበት ዘመን፣ በየሰዉ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ካሴት ደግሞ ዕድሜ አለው፤ በአቧራና በሙቀት ክሩ ላይ ያለው ማግኔታዊ ሽፋን እየረገፈ ይሄዳል፣ የረገፈው ድምፅ አይመለስም። በጦርነቱ ስንት መሳቢያ ባዶ እንደሆነ እናውቃለን።

ስለዚህ እኔ ለጊዜው ስፒከሩን አልገዛም። የድሮ ሙዚቃ ቤት የነበራችሁ፣ የዘፋኞቹ ቤተሰቦች፣ ያልተገለበጠ የመጀመሪያው ቴፕ እጃችሁ ላይ ያለ ሁሉ፦ እባካችሁ አሁኑኑ፣ በደንብ በተጠረገ ዴክ፣ ሳትጨምቁ ወደ ኮምፒውተር ቅዱትና አንዱን ቅጂ ከቤታችሁ ውጭ አስቀምጡ።