አለቆችን ወደ ወንበራቸው ለመመለስ ከሐርቡ የወጣ አዋጅ

(ቁጥር አልወጣለትም፤ ቁጥር የሚሰጡት ሠራተኛ ሥልጠና ላይ ናቸው)

ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

እኛ ከሐርቡ አስፋልት ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አቦሉን ጠጥተን፣ ቶናውን ደግመን፣ በረካው ላይ የደረስን ባለጉዳዮች፤

አለቆቻችን ውጤታማ መሪ ይሆኑ ዘንድ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻም ሐረጎን ሽቅብ ወጥተው ወደ ደሴ ሲመላለሱ ወንበራቸው አቧራ ስለጠጣ፤

የሠለጠነ አለቃ በየዓመቱ እንደሚበዛ በሪፖርት ብንሰማም፣ የተቀመጠ አለቃ ግን እያደር ሲሳሳ በዓይናችን ስላየን፤

ይህንንም ለሚመለከተው ክፍል ልናመለክት ሄደን፣ የሚመለከተው ክፍል ራሱ «የተገልጋይ እርካታ» በሚል ርዕስ ሥልጠና ላይ ሆኖ ስላጣነው፤

የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ «አለቃ» ማለት ስሙ በራፉ ላይ የተለጠፈ፣ ከበራፉ ጀርባ ግን የሌለ ሰው ነው። «የሥራ ሂደት ባለቤት»ም ያው እሱ ነው። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ሁላችን እንደምንጠራው ቢፒአር፣ የመጣ ጊዜ ኃላፊ መባሉ ቀርቶ ባለቤት ተባለ። ባለቤትነት በሐርቡ ቀላል ነገር አይደለም። የላም ባለቤት ላሚቱ ስትታመም ሲነቃ ያድራል፤ የማሽላ ባለቤት ወፍ ሲጠብቅ ማማ ላይ ይውላል። የእኛ ባለቤት ግን ከ«ሥራ ሂደት» ውስጥ ሥራውን ትቶ ሂደቱን ይዟል፤ ሲጠሩት ሄዷል።

«ሥልጠና» ማለት ውሎ አበል ያለው ስብሰባ ነው። «ስብሰባ» ማለት ውሎ አበል የሌለው ሥልጠና ነው።

«ኮች» የሚለውን ቃል ለመፍታት ሩቅ አገር መሄድ ግድ ሆኖብናል። በሃንጋሪ፣ ከቪየና ወደ ቡዳፔስት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኮች የምትባል መንደር አለች፤ ልክ እንደ አፋችን «ኮች» ነው የምትባለው። በ15ኛው መቶ ዘመን የመንደሯ ጋሪ ሠሪዎች ከሌላው ሁሉ የሚመች ሠረገላ ሠሩና ዝናቸው በአውሮፓ ናኘ፤ ሠረገላውም በመንደሯ ስም ተጠራ። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ፈተና የሚያሻግራቸውን አስጠኚ በቀልድ በዚሁ በሠረገላው ስም ጠሩት። ከዚያ ወደ ስፖርቱ ሜዳ ገባ፤ ከሜዳው ወጥቶ ወደ አዳራሽ ገባ፤ ከአዳራሹ ወጥቶ ከፓወርፖይንት ጋር እኛ ዘንድ ደረሰ።

እንግዲህ ኮች የመንገድ ዳር መንደር ከሆነች፣ ሐርቡም የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ጋሪም ባጃጅም አይተናል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ኮች» ማለት ሰውን ከነሸክሙ ካለበት አንሥቶ ወደሚሄድበት የሚያደርስ ነው። ራሱ ተሳፍሮ የሚሄድማ ተሳፋሪ ነው። ሒሳብ ይክፈል።

አንቀጽ 2፦ ስለ ጥበቃው

ለዚህ አዋጅ መነሻ የሆኑን አንድ ጥበቃ ናቸው። ስማቸውንም መሥሪያ ቤታቸውንም አንጠራም፤ ከጠራን ነገ «ምርጥ ተሞክሮ» ተብለው ለልምድ ልውውጥ ይላካሉ፣ በሩም ባዶውን ይቀራል።

ከአርቃቂዎቻችን አንዱ ከእኚህ ሰው በር ላይ ሦስት ቀን ተመላልሷል። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ከገጠር መጡ፤ የይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል።

«አባቴ፣ ማን አለ?»

«ማንም የለ እናቴ። ሥልጠና ላይ ናቸው። ግድ የለም፣ ወዲህ በይው፤ ልየው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው፣ ፀሐይ ላይ አድርገው አገላበጡት። «ይቺ የቀበሌዋ ማኅተም ደብዝዛለች፤ ዛሬውኑ ሄደሽ በላዩ ይምቱልሽ። ፎቶ ኮፒውን ሁለት አድርጊው፤ አንዱን እነሱ ይጥሉታል። ነገ እንዳትመጪ። ሐሙስ ነይ፤ አበሉ ረቡዕ ያልቃል።»

«እኔን! አንቱ ኖት እንዴ አለቃው?»

«ኧረ እኔ በር ላይ ነኝ። አብሽሪ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ሂጂ።»

ነገሩ አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጆን ዊትሞር የተባሉ እንግሊዛዊ በ1992 እ.ኤ.አ. ስለ ኮቺንግ ባሳተሙት መጽሐፍ ያስፋፉት አንድ ዘዴ አለ፤ ዛሬ በየአዳራሹ ይሰጣል። አራት ጥያቄ ነው፦ ግብህ ምንድን ነው? አሁን የት ላይ ነህ? ምን አማራጭ አለህ? ምን ልታደርግ ቆረጥህ? ጥበቃው መጽሐፉን አላዩትም። ግን የሴትዮዋን ጉዳይ ሰሙ፣ ወረቀቱ የደረሰበትን አዩ፣ የሚሄዱበትን አሳዩ፣ ቀኑን ቆረጡ። የፊርማ መብት ቢኖራቸው ኖሮ ጉዳዩም ባለቀ ነበር።

ስለዚህ ማንኛውም አለቃ ከመሾሙ በፊት አንድ ወር ከጥበቃው ጎን፣ በዚያችው ዱካ ላይ ይቀመጣል። ዣንጥላ ይፈቀድለታል።

አንቀጽ 3፦ ስለ አንዲት ጥያቄ

የኮቺንግ እናት ጥያቄ «ምን ትፈልጋለህ?» ናት ተብለናል። ሰምተን ተገርመናል። ይህቺ ጥያቄ በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ከጥንት ጀምሮ ነበረች፤ ከመስኮቱ ጀርባ አንገቱን ሳያቀና፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ምን ፈለግህ?» የሚል ሰው አጥተን አናውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄዋ የምትጠየቀው ቀና ተብሎ ነው። ወንበር ካለ ደግሞ ወንበር ከተሳበ በኋላ።

አንቀጽ 4፦ ስለ ስፓጌቲ

የቡድን መንፈስ ለመገንባት ተብሎ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ የሆነውን ያየ ሰው መካከላችን አለ። ጨዋታው በዓለም የታወቀ ነው። አራት አራት ሰው ይቧደናል፤ ለየቡድኑ 20 ዘንግ ያልተቀቀለ ስፓጌቲ፣ ፕላስተርና ክር ይሰጠዋል፤ በ18 ደቂቃ ውስጥ ረጅም ግንብ ሠርቶ ከአናቱ ላይ ለስላሳ ከረሜላ ያስቀምጣል። ጨዋታውን በየአገሩ ያጫወቱ ሰዎች እንደሚናገሩት፣ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከንግድ ትምህርት ቤት ምሩቆች ይበልጣሉ፤ ልጆቹ ማን አለቃ ይሁን ብለው ደቂቃ አያቃጥሉማ።

ለስላሳው ከረሜላ ኮምቦልቻ አልተገኘም፤ አሠልጣኙ ደስታ ከረሜላ አስገዙ። ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው፦ አንደኛው ቡድን ሰብሳቢ ሲመርጥ ሰባት ደቂቃ ሄደ። ምክትል ሲመርጥ ሦስት። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ማርከሩ ደርቆበት ሌላ ፍለጋ ወጣ። የሥራ ሂደት ባለቤቱ ስፓጌቲውን ይዘው «አቅጣጫ» ሰጡ፤ አቅጣጫው ሲሰጥ ስምንቱ ዘንግ ተሰበረ። ሰዓቱ ሲያልቅ የቆመ ነገር ቢኖር አሠልጣኙ ብቻ ነበሩ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ከጥግ ሆና ስታይ ቆይታ ምግቡ አሳዘናት፤ «ኧረ እኔን! ለምን አትቀቅሉትም?» አለች።

በዚያው ሳምንት እዚሁ ሐርቡ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሌሊት አረፉ። የወሎ ቅሬ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አናስረዳም፤ ለሌላው ግን አዲስ አበቤ ዕድር የሚለው ነው እንበል፣ የእኛው ከገንዘብ ይልቅ ጉልበቱ ያመዝናል። ገና ሳይነጋ ጠሪው ዞረ። ጎረምሶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ ወጡ፣ እንጨት ፈላጩ እንጨቱን፣ ውኃ ቀጂው ውኃውን ያዘ፤ ሴቶቹ የየድርሻቸውን በሞሰብ አመጡ። ያ ስፓጌቲ የሰበሩት የሥራ ሂደት ባለቤት እጅጌያቸውን ሰብስበው የድንኳኑን ጎን ይዘው ነበር። የቅሬው ዳኛ የተናገሩት በጠቅላላው «አንተ በዚያ በኩል፣ ጠበቅ አድርግ» የሚል ነው። አቅጣጫ የሰጠ የለም፣ አበል የፈረመ የለም። የቀረ ሰው ቅጣቱን ያውቀዋል፤ ዳኛውም ቢቀሩ ይቀጣሉ። ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆመ።

በመሆኑም የቡድን ግንባታ ሥልጠና ከእንግዲህ የሚሰጠው በቅሬ ነው። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሚሆን ለመናገር ግን አንደፍርም፤ አላህ ያርቀው።

አንቀጽ 5፦ ስለ ስድስተኛው «ማ»

ካይዘን ከጃፓን ወደ አገራችን ሲገባ መጀመሪያ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናትና ነገሩ ወደ እኛ ቆላም ወርዷል። አምስቱን «ማ»ዎች ልጆቻችን ሳይቀሩ ይወጧቸዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ግድግዳው ላይ በቀለም ተጽፈዋል፤ አንዱ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ማጽዳት» የሚለው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል።

አምስቱን አንነካም፤ መልካም ናቸው። ስቴፕለሩ ያለበት ቦታ ታውቆ ማደሩ ለእኛም ይጠቅማል። ግን ስቴፕለሩ ተገኝቶ ሰውየው ካልተገኘ ምን እናደርጋለን? ስለዚህ ስድስተኛ «ማ» ጨምረናል፤ እሱም «ማን አለ?» ነው። መልሱ «እኔ አለሁ» ብቻ ይሆናል። «አሁን ወጡ»፣ «ሻይ ላይ ናቸው» እና «ስልካቸውን ሞክር» የሚባሉት መልሶች ተሽረዋል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ሚዛንና ስለ ግለሂስ

ሚዛናዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ ቢኤስሲ የሚባለው፣ በስሙ ሚዛን ነው። ሚዛን በገበያችን እናውቃለን፤ ቲማቲም ያነሰ እንደሆነ መርፌው ያሳያል። የዚህኛው መርፌ ግን 95 ላይ ዝጓል። ሠራተኛው ለራሱ ይሞላል፣ አለቃው ይፈርማል፤ የሠራውም የተኛውም እኩል ይመዝናል። ጎበዙ ይህን ባየ በዓመቱ ያው እሱም ይተኛል።

ግለሂስም እንደዚሁ። «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው፤ ለጤናዬ አልሳሳም» የሚል አለቃ ድክመቱ ሐሰት ተብሎ ይመዘገባል።

አንቀጽ 7፦ ስለ ሹመትና ስለ አቀንጭራ

አቀንጭራ የማሽላችን ጠላት ናት። ከመሬት ወጥታ ሐምራዊ አበባዋን ስታሳይ ታምራለች፤ ያኔ ግን ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዛ ስትመጥ ሰንብታለች። አንድ ባለሙያ ነበረን። ማሳ ለማሳ ይዞራል፤ ቡቃያው ሲቀጭጭ ገና አበባዋ ሳይወጣ ያውቃታል፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ቆፍሮ ለገበሬው ያሳያል። ስለዚህ ተመሰገነ። ስለተመሰገነ ተሾመ። ስለተሾመ ማሳ ቀረ። አሁን አቀንጭራን የሚያያት በፓወርፖይንት ነው፤ የሚመራቸው ልጆች ደግሞ ምን ብሎ እንደሚመራቸው ግራ ገብቶት ግራ አጋብቷቸዋል።

ሎረንስ ፒተር የተባሉ ካናዳዊ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የፌዝ መጽሐፍ፣ ሰው በሚችለው ሥራ እየተመሰገነ የማይችለው ወንበር ላይ እስኪደርስ ይሾማል ብለው ጽፈዋል። ዓለም ስቆ ሲያበቃ እውነት ነው ብሎ ተቀበለው። እኛም ተቀብለናል። ለዚህ ልጅ ደመወዙ ይጨመር፣ ሞተር ሳይክሉም ይመለስለት፤ ወንበሩ ሰው ማስተባበር ለሚወድ ይሰጥ። እሱ ራሱ ይህን አንቀጽ ሰምቶ «ወላሂ፣ ባደረጋችሁት» ብሎናል።

አንቀጽ 8፦ ደሴ ለሚሄዱ

ደሴ ለሥልጠና የሚወጣ ሁሉ መጀመሪያ ንጉሥ ሚካኤል ወዳሠሩት አዳራሽ ይሂድ። ማዕዱ ድሃን ከሀብታም የማይለይ ነበርና አዳራሹ አይጠየፍ ተባለ። የሻይ ሰዓት ዝርዝር ላይ ጥበቃው፣ ጽዳቷና ሾፌሩ የሌሉበት የ«አሳታፊ አመራር» ሥልጠና በዚህ አዋጅ መሠረት ፈርሷል፤ ብስኩቱ ለተጠቀሱት ሰዎች ይመለስ።

አንቀጽ 9፦ ቅጣት

በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የጠፋ አለቃ፣ በተለይ የጠፋው «የጊዜ አጠቃቀም» ሊማር ከሆነ፣ በሩ ላይ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ከነቁርሱ ቡና ያፈላል። ሲኒውንም ራሱ ያጥባል። ማጽዳት ተምሯል።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ማኅተም ከተመታበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ በሥራ ሂደት ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነው። እሳቸው ደሴ ናቸው፤ ጥበቃው ግን ሐሙስ ኑ ብለውናል።